አዋላጇን የወሰደ ወንበር

ጋምቤላ ደርሼ መጣሁ ስል የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱና ስለ አዞው ነው። ሙቀቱ እንደሚባለው ነው። አዞ አላየሁም። ያየሁትን ነገር ግን ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ ሰው አላገኘሁም፤ ትንሽ እንደ ጀመርኩ የሰሚው ፊት ይጨፈግግና ወሬውን ወደ ጋምቤላ ማንጎ ይወስደዋል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። የማይሰማ ሰው ያነብ ይሆናል።

እኔ ደሴ የምኖር አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጸጉሬ ሸብቷል፣ ጉልበቴም ደረጃ መውጣት ጠልቷል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሥራዬ ራሴ ማዋለድ ሳይሆን በየጤና ጣቢያው ያሉትን አዋላጆች ማሠልጠን ነው። የምናስተምረው ስለ ድንገተኛው ነገር ነው። እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ሲል፣ ሕፃኑ ተወልዶ አልተነፍስ ሲል፣ ሐኪም በሌለበት፣ አምቡላንስም በማይደርስበት ቦታ በሁለት እጅ ምን ሊሠራ ይችላል? ከሁለት ዓመት በፊት ጅማ ላይ ካሠለጠንናቸው መካከል አሪየት የምትባል የአኝዋክ ልጅ ነበረች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ስትሠራ ያየኋት ዕለት፣ ይህቺስ ለዚሁ ሥራ የተፈጠረች ናት አልኩ።

ወደ ጤና ጣቢያዋ ከተመለሰች በኋላ አንድ ቀን ደወለችልኝ። «ሲስተር፣ ደሙ ቆመ» አለች። ሰዓዳ የምትባል ሴት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ደም ሲፈስሳት፣ አሪየት ማህፀኗን አሽታ፣ መርፌውን ወግታ፣ እንቢ ሲላት በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ እስኪቆም አልለቀቀችም ነበር። ያን ቀን ደሴ ሆኜ የሠርግ ቤት ያህል ደስ አለኝ። ዘንድሮ የሠለጠኑትን በያሉበት ሄደን እንድናይ ሲወሰን፣ ጋምቤላን ለእኔ ተዉልኝ ብዬ ለመንኩ።

ሰኞ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። መቱ የሚያድረው አውቶቡስ ረዳት ሻንጣዬን ወደ ጣሪያው ሊወረውር ሲል፣ «ቀስ በል ልጄ፣ ሕፃን አለበት» አልኩት። ልጁ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ። የማስተማሪያ የጎማ ሕፃን፣ ከጨርቅ የተሰፋ እንግዴ ልጅና ሆድ ላይ የሚታሰር የጎማ ማህፀን እንደሆነ ሳስረዳው ይበልጥ ግራ ገባው። ሻንጣውን ጭኜ ላይ ይዤ እንድሄድ ፈረደብኝ።

ኬላ ላይ ስንፈተሽ ደግሞ ወጣቱ ፖሊስ ዚፑን ከፈተና ማህፀኑን አወጣው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ማህፀን ነው» አልኩ።

«የማን?»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ ፖሊሱም ቆይቶ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እስከ መቱ ድረስ የአውቶቡሱ ሐኪም ሆኜ ቀረሁ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ ስለ ጉልበታቸው ሲያማክሩኝ እኔም ስለ ራሴ ጉልበት አማከርኳቸው።

መቱ በዝናብ ተቀበለችን። እኛ ደሴዎች ዝናብና ጭጋግ የእኛ ብቻ ይመስለናል፤ የመቱን ያላየ ነው እንዲህ የሚለው። ያደርኩበት ቤት አልጋ ልብስ እርጥበት ነበረው። ባለቤቲቱ ሳልጠይቃት የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ፣ «ነገ ይሄን ትናፍቂዋለሽ» አለችኝ። ቂጣ በማር በልቼ፣ ትኩስ ሻይ ጠጥቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ የሴትዮዋ ነገር ገባኝ። ጎሬ ላይ ሹራቤን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነበር። ቡሬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ሹራቡ ወለቀ፣ ቀጥሎ ነጠላው፣ ቀጥሎ ካልሲው፤ የቀረውን ማውለቅ ስለማይቻል በላብ ተቀመጥኩ። እኛ ጋ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ነው ሞቀን የምንለው። ይሄኛው ሙቀት ግን ፊት ለፊት መጥቶ ደረት ላይ የሚቀመጥ ነው። ተራራው ከኋላችን ቀረና ምድሩ ለጥ አለ። እኔ ተራራ በሌለበት አገር አቅጣጫ ይጠፋኛል፤ ሳድግ የጦሳን ተራራ ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም።

ጋምቤላ ከተማ ስንገባ ባሮ ቡናማ ሆኖ ሰፍቶ ይፈስሳል። ልጆች እየዘለሉ ይገቡበታል፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ አጭር መሆኔን አላውቅም ነበር፤ ባጃጅ ለመያዝ ከቆሙት ሴቶች መካከል ስቆም ክርናቸው አካባቢ ቀረሁ። ሆቴል ገብቼ ቬንትሌተሩን ከማብራቴ መብራት ጠፋ። ጥበቃው ወንበር ከማንጎ ዛፍ ሥር አውጥቶልኝ፣ «እዚህ ቁጭ በይ፣ ክፍሉ አሁን ይጠብስሻል» አለኝ። እዚያው ሆኜ ወደ ጤና ጣቢያዋ ነገ እንደምመጣ ልነግራት ለአሪየት ደወልኩ።

«ሲስተር፣ እኔ ቢሮ ነኝ» አለች።

ለስብሰባ የመጣች መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ቢሮዋን አየሁ። በከተማው ካሉት ቢሮዎች በአንዱ፣ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ኮት ለብሳ ተቀምጣለች። ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃለች። ስታየኝ ባዶ እግሯን ሮጣ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ትዝ ሲላት ተመልሳ ጫማዋን አደረገች። አስተባባሪ ሆናለች። የየጤና ጣቢያውን ሪፖርት ትሰበስባለች፣ ዕቅድ ታወጣለች፣ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች።

«ማን አመጣሽ?» አልኳት።

«ጎበዝ ነሽ አሉኝ። ጎበዝ ስትሆኚ ምን ይሰጡሻል? ወንበር ይሰጡሻል።» አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «አባቴ ደስ አለው። ልጄ ቢሮ ገባች ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ነገረ። እኔም መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ሲስተር። አልዋሽሽም።»

«አሁንስ?»

«አሁን እጄ ይበላኛል። መልሱኝ ብዬ አመለከትኩ። ምን አጥፍተሽ ነው አሉኝ።»

ነገሩን ቀስ እያለች አስረዳችኝ። አንድ ሰው ከያዘው ቦታ ዝቅ የሚለው ሲቀጣ ብቻ ነው። ተቀጥቶ ዝቅ ላለ ሰው አሠራር አለ። ዝቅ ልበል ብሎ ለሚለምን ሰው ግን ምንም የለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከዚህ በፊት መጥቶ አያውቅማ። ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለም። አዝኖላት፣ ምናልባት ታመሽ ይሆናል ብሎ የሦስት ቀን ዕረፍት ሰጣት። ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ ከፋኝ።

ምሳ እህቷ ቤት ወሰደችኝ። በቲማቲም የተሠራ ትልቅ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ ቀረበ። እኛ ጋ ከሐይቅ የሚመጣው ዓሣ ከዚህኛው አጠገብ ጫጩት ነው። ዓሣውን እንዴት እንደምበላ እህቷ አይታ አላስቻላትምና አጥንቱን እየለየች አጎረሰችኝ። በልተን ስንጨርስ አሪየት ወደ እኔ ዞር አለች።

«ሰዓዳ እንደገና አርግዛለች» አለች። «ቀኗ ቅርብ ነው። በፊት ደም ስለፈሰሳት አሁንም ሊፈስሳት ይችላል። ጤና ጣቢያው ላይ ታሪኩ አለ፣ አዲስ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው። ግን ሴቶቹ አላመኑትም። ስለማያምኑት አይመጡም። ስለማይመጡ አያዋልድም። ስለማያዋልድ እጁ ረሳ። አንቺ ስትሄጂ ሰዓዳን እያት፣ እሺ?»

እሺ አልኳት።

ሐሙስ ሄድኩ። በሚኒባስ እስከ አቦቦ፣ ከዚያ ወዲያ በሞተር ሳይክል ነው፤ የጎማው ሕፃን በእኔና በሾፌሩ መካከል ተጨንቆ ተቀመጠ። መንደሩን በስሙ አልጠራውም፤ ሰዎቹን የምወቅስ ይመስልብኛል። በድርቁ ዘመን ከወሎና ከሌላም አገር የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ነው። በአንድ በኩል በቆሎ፣ በሌላው ሰው የሚውጥ ሣር፣ ከዚያ ጫካ።

ከሞተሩ ወርጄ ወገቤን ሳቃና አንዲት ሴት በወሎ አነጋገር፣ «ኧረ በሞቴ፣ እንዲህ በእሾህና በአቧራ ማን ነው ያመጣዎት?» ሲሉ ሰማሁ። ደሴ ገበያ የቆምኩ መሰለኝ። እትዬ ከድጃ ናቸው፤ የሰዓዳ አማት። በልጅነታቸው ወላጆቻቸው ይዘዋቸው መጥተው እዚሁ አድገው፣ እዚሁ ወልደው የዳሩ። ከደሴ መምጣቴን ሲሰሙ ነገሩ አለቀ። ጤና ጣቢያው ውስጥ አልጋ እንደተዘጋጀልኝ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። «የአገሬ ሰው መጥታ ቤት እያለኝ ከመድኃኒት ጋር ታድራለች?» ብለው ሻንጣዬን አንሥተው ሄዱ።

በግ ታረደልኝ። እባካችሁ ብል ማን ሰምቶኝ። ጎረቤት ተጠርቶ መጣ፣ ስለ ደሴ ተጠየቅኩ፦ መንገዱ ሰፋ ወይ፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ይወርዳል ወይ፣ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ያውቃል ወይ። እትዬ ከድጃ ስለ አገራቸው ሲጠይቁ ያዩትን እንጂ የሰሙትን የሚጠይቁ አይመስሉም ነበር፤ ኋላ ግን አብዛኛውን ከእናታቸው አፍ እንደሰሙት ነገሩኝ።

ሰዓዳ በእጄ ላይ ውኃ አፈሰሰችልኝ። ቀጭን ናት፤ ሆዷ ከሰውነቷ ቀድሞ ይሄዳል። ባሏ ኑሩ ዲማ ወርቅ ሊቆፍር ከሄደ ሰንብቷል። ሆዷ ወደ ታች መውረዱን፣ ምጧም መቅረቡን ዓይኔ አየ፤ የዚህን ያህል ዘመን ሠርቼ ሳላይ አልቀርም። «መቼ ነው ቀንሽ?» አልኳት። አማቷን አየች።

«ገና ናት» አሉ እትዬ ከድጃ። «ይብሉ እንጂ፣ አልበሉም እኮ።»

«በፊት ደም በዝቶብሽ ነበር አሉኝ። ምጥ ሲይዝሽ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ አይደል?»

«ኢንሻ አላህ» አለች ሰዓዳ።

እዚያ ላይ መነሣት ነበረብኝ። ነይ እስቲ ጋደም በይ፣ ሆድሽን ልየው ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ለእኔ በግ አርደው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ጥሩውን አልጋ ለቅቀውልኝ፣ ባለቤቲቱ «ገና ናት» እያሉኝ፣ አይደለም ብዬ ምራታቸውን ማስተኛት ነውር መሰለኝ። ነገ ጤና ጣቢያ ትመጣና አያታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይሉኝታ ያዘኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ዓርብ ጠዋት ስወጣ ሰዓዳ የበሩን ጉበን ይዛ ቆማለች። ዓይኗን ጨፍና በአፏ ትተነፍሳለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስል እትዬ ከድጃ ከጓዳ ወጥተው፣ «ትናንት ውኃ ስትቀዳ ደክሟት ነው። አብሽሩ። ሥራዎ እንዳይቀር፣ ልጁ ይጠብቅዎታል» አሉኝ። ሰዓዳም ፈገግ አለችልኝና ሄድኩ። ያን ፈገግታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ታሪኩ ማዋለጃ ክፍሉን አጥቦ፣ አልጋውን አንጥፎ ይጠብቀኛል። እዚያው ጋምቤላ ከሰፋሪ ወላጆች የተወለደ፣ ከተመረቀ ብዙ ያልቆየ ልጅ ነው። ክፍሉ የማይኖሩበት ቤት ይመስል ንጹሕ ነበር። እንዲህ ያለ ንጽሕና አያስደስተኝም። ማዋለጃ ክፍል ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ነው የሚያምረው።

ውስጡ ስለሚሞቅ በረንዳው ላይ ወጣን። የጎማውን ማህፀን ሆዴ ላይ አሰርኩና እናቲቱ ሆኜ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። «ወለድኩ» አልኩት፤ «ልጁ አይተነፍስም። ምን ታደርጋለህ?» መጀመሪያ ሕፃኑን ማድረቅ ረስቶ በቀጥታ የትንፋሽ መስጫውን ፊኛ ፈለገ፤ አፍና አፍንጫው ላይ ሲያደርገው አየሩ በጎን ወጣ። እንደገና ልሞክር አለ። እንደገና። ታሪኩ አይሰለችም። ደጋግሞ ሲሠራ የሕፃኑን አንገት ቀና አድርጎ መያዝ ለመደ፣ የጎማው ደረት ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ያ ሲሆን የታሪኩ ፊት ሁሉ በራ። «ሲስተር፣ እጄ አልጠፋም» አለኝ።

በዚያ መካከል አንድ አይሱዙ በጤና ጣቢያው በር ፊት አለፈ። በቆሎ ጭኗል፤ ከጆንያዎቹ ላይ ሴቶች ተቀምጠው ጃንጥላ ዘርግተዋል። አንዷ እትዬ ከድጃ መሆናቸውን አየሁ። ገበያ የሚሄዱ መሰለኝ። ማህፀኔን እንደታጠቅሁ እጄን አውለበለብኩላቸው፤ እሳቸውም አውለበለቡልኝ።

ሰዓዳ ከጃንጥላው ሥር ነበረች።

ይህን ያወቅሁት ለምሳ ስመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ነው። ምሳዬን ግን ተክድኖ፣ ዝንብ እንዳይነካው ጨርቅ ለብሶ አገኘሁት። የጎረቤት ሴት «ምጥ ይዟት አሪየት ጋ ጋምቤላ ወሰዷት» አለችኝ። ለአሪየት ደወልኩ፤ አይሠራም። እንደገና ደወልኩ። ታሪኩ ሞተር ፈልጎ አመጣና ሁለታችንም ወጣን። በመንገድ ላይ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፦ ሊያዋልዳት የሚችል ልጅና አሠልጣኙ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጎማ ሲያዋልዱ በአጠገባቸው አሳልፈዋታል።

የሆነውን ኋላ ከአፋቸው ሰማሁ። አቦቦን አልፈው ብዙ ሳይርቁ ሕፃኑ ከጆንያዎቹ መካከል ተወለደ። ወንድ ነው። አላለቀሰም። እትዬ ከድጃ አገላበጡት፣ ውኃ ረጩበት፣ ስሙን ሳያወጡለት ጠሩት። ሌላ ምን ያውቃሉ? በሻሻቸው ጠቀለሉት። ከዚያ የሰዓዳ ደም መፍሰስ ጀመረ። ሾፌሩ ወደ ሆስፒታል ልንዳ ሲል እትዬ ከድጃ መጀመሪያ አሪየት ጋ አሉት። ቢሮው በር ላይ ጥበቃው ስብሰባ ላይ ናት አላቸው። ይህን ሲሰሙ የእትዬ ከድጃ ድምፅ ከፍ ብሎ እስከ መስኮቱ ደረሰ። አሪየት የያዘችውን እስክሪብቶ ጥላ ወጣች። በኮቷ አይሱዙው ላይ ወጥታ በቆሎው ላይ ተንበረከከች፤ አንድ እጇን ከውስጥ፣ አንዱን ከሰዓዳ ሆድ ላይ አድርጋ ማህፀኑን ጨምቃ ያዘች። ሆስፒታል እስኪደርሱ፣ ከደረሱም በኋላ ሐኪሞቹ እስኪረከቧት አልለቀቀችም።

እኔ ስደርስ ቧንቧው ላይ ክንዷን እየታጠበች ነበር። ኮቷ አይነገርም። «ሰዓዳ ትተርፋለች» አለችኝ። «ልጁን ግን፣ ሲስተር፣ እዚያ ብሆን…» አልጨረሰችውም። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ታሪኩ ግድግዳውን ደገፍ ብሎ መሬት መሬት ያያል።

እትዬ ከድጃን ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም ይሆናል፤ ግን አላስቻለኝም።

«ልጁ እንዳይቀየም ብለን ነው» አሉ ወደ ታሪኩ እያዩ፣ እንዳይሰማቸው ቀስ ብለው። «አንተን አላመንንህም ተብሎ በፊቱ ይነገራል? ዝም ብለን ብናልፍ ይሻላል አልን።»

«እኔስ? እኔ ቤትዎ ነበርኩ እኮ፣ እትዬ ከድጃ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እርስዎ እንግዳ ነዎት። ትናንት የመጣ እንግዳ ሥራ ይታዘዛል?»

ሐሙስ ማታ እኔን የያዘኝና ዓርብ ጠዋት እሳቸውን የያዛቸው አንድ ነገር ነው። ሕፃኑን የዚያኑ ቀን ወስደው ቀበሩት።

ቅዳሜና እሑድ ሆቴል ውስጥ ተቀመጥኩ። እትዬ ከድጃ በሰው እጅ አንድ ከረጢት ማንጎ ላኩልኝ፤ ምሳ ሳልበላ በመሄዴ እንዳዘኑም አስነገሩኝ። ማንጎውን ለጥበቃው ሰጠሁት። ልበላው አልቻልኩም።

ሰኞ የአሪየትን ኃላፊ ለማነጋገር ገባሁ። ትሑት ሰው ነው፤ ተነሥቶ ተቀበለኝ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ አስመጣልኝ። በሩ ላይ የሆነውን ሰምቷል። እኔም ለሕፃኑ ያልተናገርኩትን ለአሪየት ልናገር ብዬ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። እንዲህ ያለ እጅ በሥራ ዘመኔ ብዙ እንዳላየሁ፣ ያቺን ሴት ያተረፈቻት እሷ መሆኗን፣ ሴቶቹ ከእሷ በቀር ማንንም እንደማያምኑ፣ ቦታዋ ማዋለጃ ክፍል እንጂ ጠረጴዛ እንዳልሆነ፣ ወይም ቢያንስ ከታሪኩ ጎን ለጥቂት ወራት ቆማ ሴቶቹ እንዲለምዱት ብታደርግ እንደሚበጅ። ሰውዬው ይጽፋል። ራሱን ይነቀንቃል። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እውነት ነው ሲስተር» አለኝ። «እንዲህ ያለች ባለሙያማ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ መባከን የለባትም።»

«መባከን አይደለም» አልኩ። «እኔ የምለው…»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። እኛም ልንረሳት አንችልም።» በሁለት እጁ ጨብጦ እስከ በር ሸኘኝ።

አሪየት ውጭ ቆማለች። «ምን አለ?» አለችኝ።

«ያስብበታል» አልኳት። የዚያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር።

ስመለስ ስለ መንገዱ ብዙ አላስታውስም። የጎማውን ሕፃን ለታሪኩ ስለተውኩለት ሻንጣው ቀለለኝ፤ ኬላ ላይም የሳቀ ሰው የለም። ደሴ ጭጋጉ ሆስፒታሉን እንደሸፈነ ደረስኩ። ከቤቴ እስከዚያ በእግር ይኬዳል። ይህን ነገር ከዚህ በፊት እንደ ዕድል ቆጥሬው አላውቅም።

ቆይታ አሪየት ደወለች። በስብሰባ ላይ አስነሥተው አጨብጭበውላት፣ ምስክር ወረቀት ሰጥተዋታል። እኔ የተናገርኩት አንድ በአንድ ተነብቦላታል። ከዚያም ለተሻለ ቦታ ታጭታ አዲስ አበባ ተመድባለች። «ወንበሩ ይሽከረከራል አሉኝ» ብላ ሳቀች፤ አፏን በእጇ ስትሸፍን ታየኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ማለት አቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እትዬ ከድጃ ደወሉ። ስለ ብርዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቁኝ። ሰዓዳ ተነሥታ ሥራ ጀምራለች፤ ኑሩም ከዲማ መጥቷል። ሁሉንም ሲጨርሱ፣ «ሌላዋ ምራቴ ወሯ እየገባ ነው» አሉኝ። «አሪየት ተዛውራ አዲስ አበባ ናት አሉ። ቢሮዋ በየት በኩል እንደሆነ ቢነግሩኝ። ወር ቀደም ብለን እንነሣለን።»

«ታሪኩስ?» አልኳቸው። «ያንን የጎማ ሕፃን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይለማመዳል እኮ። እጁ ደህና ነው፤ እኔ አይቼዋለሁ።»

«ታሪኩማ ጨዋ ልጅ ነው። ትናንት እዚሁ እኛ ቤት ነው የበላው። እንዳይነግሩብን ብቻ፣ ይቀየማል።»

«ይቀየም፣ እትዬ ከድጃ» አልኩ። በሕይወቴ ለታላቅ ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም። «እኔ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ይያት።»

ስልኩ ተቋረጠ፤ ኔትወርክ ይሁን እሳቸው ይሁኑ አላወቅሁም። ለታሪኩ ነግሬዋለሁ። እትዬ ከድጃ ግን ከዚያ ወዲህ አልደወሉልኝም፤ ስደውልም አያነሡም።